«ሲፕሮ ወስጄ ስለዳንኩ ታይፎይድ ነበር» ማለት ይቻላል?

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ታይፎይድ ይነሳብኛል። ያተኩሰኛል፣ ራሴን ያመኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ምግብ ያስጠላኛል። ሁለት ሦስት ቀን ታግሼ ሲብስብኝ ሰፈር ያለ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ደም እሰጣለሁ፣ ‹ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ› ይሉኛል፣ ሲፕሮ ወይ መርፌ ያዙልኛል፣ ከዛ ይለቀኛል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ታናሽ ወንድሜ ‹ይሄ ፋላሲ ነው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ዳንሽ ማለት በመድኃኒቱ ዳንሽ ማለት አይደለም፣ ታይፎይድ የሚባል የለብሽም› እያለ ያደርቀኛል። በገዛ ሰውነቴ ያየሁትን ነገር በሎጂክ ትምህርት እንዴት ነው የምክደው? ደሞ ለዘለቄታው የሚያድን ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦

ወንድምሽ ግማሹን በትክክል ይዞታል፣ ግማሹን ደሞ ዘሎታል። «በኋላ» እና «በምክንያቱ» የተለያዩ ናቸው ያለው ልክ ነው፣ ፍሬሽማን ላይ በሚሰጠው የሎጂክ ኮርስ ፋልስ ኮዝ ተብሎ የሚማሩት ስህተት እሱ ራሱ ነው፣ እኛ ሐኪሞችም በየቀኑ የምንወድቅበት ነው። ግን ከዛ ተነስቶ «ታይፎይድ የለብሽም» ሲል እሱም ያለ ማስረጃ እየፈረደ ነው። ማስረጃሽ ደካማ ነው ማለት ያልሽው ነገር ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ከነዛ ሁሉ ትኩሳቶች አንዱ የምር ታይፎይድ ሊሆን ይችላል። አንቺም አታውቂም፣ እሱም አያውቅም፣ የሚያሳዝነው ደሞ መድኃኒቱን ያዘዘልሽ ክሊኒክም አያውቅም።

ያየሽውን ካጂ ያለሽ የለም። ያየሽው ሦስት ነገር ነው፣ ትኩሳት መጣ፣ ኪኒን ተዋጠ፣ ትኩሳት ሄደ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ያላየሽው ግን አንድ ነገር አለ፣ ኪኒኑን ባትውጪ ኖሮ ምን ትሆኚ እንደነበር። ይሄን ማንም ሰው በራሱ ላይ ሊያየው አይችልም፣ ያንኑ ሳምንት አንዴ ከኪኒን ጋር አንዴ ያለ ኪኒን መኖር ስለማይቻል። ጭቅጭቃችሁ ሁሉ ያለው እዚች ያልታየችው ክፍል ላይ ነው፣ እና እሷን ለመገመት ስለ በሽታው ጠባይ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል እንጂ የፋላሲ ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ ክሊኒክ የምትሄጂበትን ቀን አስቢው። ራስሽ እንደጻፍሽው ታግሰሽ ታግሰሽ ሲብስብሽ ነው የምትሄጂው፣ ማንም ሰው እንደዛው ነው፣ እየተሻለው ወረፋ የሚይዝ የለም። ጤነኛ ወጣት ሰው ላይ ድንገት የሚመጣ አጭር ትኩሳት ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፣ እሱ ደሞ እንደ ሲፕሮ ያለ አንቲባዮቲክ ወሰድሽ አልወሰድሽ በሦስትም በአምስትም በሰባትም ቀን ሰውነት ራሱ ያሸንፈዋል። ስለዚ በሦስተኛው ቀን፣ ሕመሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ የጀመርሽው ነገር ምንም ይሁን ምን ቀጥሎ የሚመጣው መሻል ነው። ጳጉሜ ላይ ጃንጥላ ገዝቶ መስከረም አጋማሽ ላይ «ጃንጥላዬ ክረምቱን አባረረልኝ» የሚል ሰው ብታገኚ ትስቂበታለሽ አይደል፣ የሱ ችግር ጃንጥላ መግዛቱ አይደለም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መግዛቱን መርሳቱ ነው። እናቶቻችን እኮ በዚችው በሦስተኛዋ ቀን ዳማከሴ ጨምቀው ያጠጡናል፣ በማግስቱ ስንነሳ «ምች ነበር» ይባላል። ያው ትኩሳት፣ ያው ቁርጥማት፣ ያው ሰው፣ በዳማከሴ ሲለቅ ምች ተባለ፣ በሲፕሮ ሲለቅ ታይፎይድ ተባለ። የበሽታው ስም የመጣው ከበሽታው ሳይሆን የዛን ቀን እጃችን ላይ ከነበረው መድኃኒት ነው ማለት ነው።

እንዲያውም ሰዎች እንደ ማረጋገጫ የሚነግሩኝ ነገር ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። «መርፌውን ተወግቼ በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ ታይፎይድ ባይሆን እንዲ ይለቀኝ ነበር?» ይሉኛል። የምር ታይፎይድ እንደዛ አይለቅም። ትክክለኛው መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ተጀምሮም ትኩሳቱ እስኪወርድ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዴ ሳምንትም ይደርሳል። በማግስቱ ከለቀቀሽ ወይ ሊለቅሽ የነበረ ነገር ነው፣ ወይ ትኩሳቱን ያወረደው አብሮ የተሰጠሽ ፓራሲታሞል ወይ ዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። ከኪኒኑ ጎን ምን ምን እንደተደረገ ደሞ ማንም አይቆጥርም፣ ከሥራ ቀርተሻል፣ ውሃ ጠጥተሻል፣ ግሉኮስ ተሰክቶልሻል፣ ሾርባ ተሠርቶልሻል፣ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው «አይዞሽ ቀላል ነው» ብሎሻል፣ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ሲፕሮ ብቻ።

እሺ ሲፕሮው የምር ሠርቶ ቢሆንስ? ያም ሆኖ ታይፎይድ መሆኑን አይናገርም። ሲፕሮ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያክማል፣ አንዳንድ ባክቴሪያ ያመጣውን ተቅማጥም ያክማል። በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪአክሶን ከሳንባ ምች እስከ ማጅራት ገትር ለስንት ነገር ነው የሚሰጠው። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ታይፈስንም በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳትም ያድናል። አንድ መድኃኒት ብዙ በሽታ የሚያድን ከሆነ መዳንሽ ብቻውን ከነሱ ውስጥ የትኛው እንደነበረብሽ ሊነግርሽ አይችልም።

አሁን «ግን ደሜ ላይ ታይቷል እኮ» እንደምትይ አውቃለሁ፣ ትልቁ የተሳሳተ ግንዛቤ ያለው እዚ ጋር ነው። ደምሽ ላይ ታይፎይድ አልታየም። በየሰፈሩ ክሊኒክ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው። ጀርሙን አያይም። የሚያየው ሰውነትሽ ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው፣ የላብራቶሪ ባለሙያው የደምሽን ጠብታ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ደባልቆ ሲቋጠር ካየ ፖዘቲቭ ብሎ ይጽፋል። አንቲቦዲው ግን ድሮ ከያዘሽ ኢንፌክሽን የተረፈ ሊሆን ይችላል፣ ከክትባት ሊሆን ይችላል፣ ከታይፎይዱ ጀርም ዘመዶች ከሌሎቹ ሳልሞኔላዎች ሊሆን ይችላል፣ ወባና ሌላ ትኩሳትም ሊያሳስተው ይችላል። በተቃራኒው የምር ታይፎይድ ያለበት ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አንቲቦዲው ገና ስላልተሠራ ኔጌቲቭ ሊባል ይችላል። በሥነ ሥርዓቱ ቢሠራ ደሙ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ መጠኑ ይለካል፣ ከአሥር ቀን ወይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደግሞ አራት እጥፍ ጨምሮ እንደሆነ ይታያል፣ ግን ሁለተኛውን ምርመራ ማን ይጠብቃል፣ በሽተኛውም ስም ይፈልጋል፣ ክሊኒኩም ባዶ እጅሽን መላክ አይፈልግም። የወባ ምርመራን ከዚ ጋር አታምታቺው፣ እዛ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ራሱ ጥገኛው ነው።

ቁጥር ለሚቀለው ሰው እንዲ ላስቀምጠው፣ ቁጥሮቹን ነገሩን ለማስረዳት እኔ ያመጣኋቸው ናቸው እንጂ የጥናት ውጤት አይደሉም። 1000 ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች ተመረመሩ እንበል፣ ከነሱ 20ው ብቻ የምር ታይፎይድ አለባቸው። ምርመራው ከ20ው 14ቱን ያዘ። ከቀሪዎቹ 980 ሰዎች ውስጥ ደሞ አንድ አምስተኛውን በስህተት ፖዘቲቭ አለ፣ 196 ሰው። በጠቅላላ 210 ሰው «ታይፎይድ አለብህ» ተባለ፣ ከነሱ የምሩ 14 ነው፣ ከመቶ ሰባት አካባቢ ማለት ነው። 196ቱ ሲፕሮ ይወስዳሉ፣ አብዛኞቹ በሳምንት ውስጥ ይድናሉ፣ ሁሉም ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ «እኔም ይዞኝ ነበር፣ በሲፕሮ ነው የዳንኩት» ብለው ይመሰክራሉ። አንዱም አልዋሸም። ሰፈር ሙሉ ሰው ከልቡ የሚያምንበት ነገር ስህተት የሚሆነው እንዲ ነው፣ በመቶ ምስክር እንኳ፣ ምክንያቱም መቶውም ያዩት ያንኑ ግማሽ ታሪክ ነው።

ስለ «ታይፎይድና ታይፈስ» ደሞ። ስማቸው ስለሚመሳሰል እንደ መንታ አብረው ይጠራሉ እንጂ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ ልዩነታቸውን አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ጌርሃርድ እ.ኤ.አ. በ1837 በግልጽ ጽፎታል። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ነው የሚመጣው፣ ታይፈስ በቅማል ወይ በቁንጫ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ባንዴ መገኘታቸው ብርቅ ነው። አንድ ክሊኒክ በዓመት ሦስቴ ሁለቱንም አንቺ ላይ ካገኘ ልትጠራጠሪ የሚገባው ሰውነትሽን ሳይሆን ምርመራውን ነው፣ ለታይፈስ የሚሠራው ዌል ፌሊክስ የሚባለው ቴስትም እንደ ዊዳል በቀላሉ የሚሳሳት ነው።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ስትድኚ «ታይፎይድ ስለነበር ነው» ይባላል። ሳትድኚ ስትቀሪስ? «ታይፎይዱ ሥር ሰዷል፣ ጠንከር ያለ ያስፈልጋል» ይባላል። ድነሽ ከአራት ወር በኋላ ሲያተኩስሽስ? «ተነሳብሽ» ይባላል። መዳንም ማስረጃ፣ አለመዳንም ማስረጃ፣ መመለስም ማስረጃ ከሆነ ይሄ ሐሳብ በምንም ዓይነት ሊሸነፍ አይችልም፣ እና ሊሸነፍ የማይችል ሐሳብ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ምንም እየነገረሽ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ክሊኒክ ስትሄጂ መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፣ ምን ባገኝ ነው «አይ ታይፎይድ አይደለም» የምለው? መልስ ካጣሽለት ገና ሳትመረመሪ ወስነሻል ማለት ነው። ይሄ ጥያቄ ከታይፎይድ ውጪም ይሠራል፣ ክትባት ወስዶ በሳምንቱ የታመመ ዘመድ ላይም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀየር የጤፍ ዋጋ ለምን ጨመረ ክርክር ላይም።

(ሥር የሰደደ ታይፎይድ ጨርሶ የለም እያልኩ አይደለም። ጀርሙን ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ለዓመታት ይዘው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች አሉ፣ ግን እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አይታመሙም፣ ሌላ ሰው ነው የሚያስይዙት፣ የሚታወቁትም በሰገራ ካልቸር (ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ በሚያይ ምርመራ) ነው። በየአራት ወሩ የሚያተኩሰው ሰው ታሪክ ከዚ ጋር አይገጥምም።)

ሞኝ ስለሆንሽ አይደለም እንዲ ያሰብሽው። የአውሮፓ ሐኪሞች ከሁለት ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በሽተኛን ደም እያፈሰሱ ሲያክሙ ኖረዋል፣ ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1799 ጉሮሮውን ታሞ በሞተበት ቀን አራት ጊዜ ደም ቀድተውታል። የዳነው «ደም በማፍሰሴ ነው» ይላል፣ የሞተው ደሞ አያወራም። ነገሩ መናድ የጀመረው ፒየር ሉዊ የሚባል የፓሪስ ሐኪም በ1820ዎቹ መጨረሻና በ1830ዎቹ የሳንባ ምች በሽተኞችን ቆጥሮ፣ ቶሎ ደም የፈሰሰላቸውን ዘግይቶ ከፈሰሰላቸው ጋር ማወዳደር ሲጀምር ነው፣ ጥቅሙ ከሚወራው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው። ጎበዝ ሐኪሞች በየቀኑ በዓይናቸው እያዩ ያላስተዋሉትን ቁጭ ብሎ መቁጠርና ማወዳደር አወጣው።

ወንድምሽም የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። «በኋላ መጣ» የሚለው ነገር ውድቅ መደረግ የለበትም፣ ጥሩ መነሻ ነው፣ መድረሻ ሲደረግ ነው ችግሩ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 (በፈረንጆቹ) አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድጉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከእንዶዱ በኋላ ሞቱ፣ ልክ ያንቺ ዓይነት አስተያየት ነው። ወንድምሽ እዛ ቢኖር «ፋላሲ» ብሎ ሄዶ ነበር፣ ሌላው ሰው ደሞ «እንዶድ ገዳይ ነው» ብሎ ይደመድም ነበር። አክሊሉ ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ከወንዙ አስመጥቶ የእንዶዱን አረፋ ጨመረባቸው፣ ሞቱ፣ ከዛ ላብራቶሪ ገባ፣ ለዓመታት ሠራበት። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ያየውን አላጣጣለም፣ ባየው ላይም አላቆመም።

ማወዳደር የማያስፈልግበት ጊዜም አለ ደሞ። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ልጆች ላይ የሚመጣው ዓይነት ስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ያለ ኢንሱሊን እንደሚሞት ይታወቅ ነበር፣ ስለዚ «ያለ መድኃኒቱ ምን ይሆን ነበር» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ ተመልሷል፣ ልጆቹ ሲነሱ የሚያከራክር ነገር አልነበረውም። በራሱ የሚድን በሽታ ላይ ግን ይሄ ዕድል የለንም። አንድ ሰው «ወሰድኩ ዳንኩ» ሲልሽ የምትጠይቂው ይሄን ነው፣ በሽታው ሳይነካ ሲቀር ጠባዩ ምንድነው?

ወደ ሥራው እንግባ። «ለዘለቄታው የሚያድን ጠንከር ያለ መድኃኒት» ያልሽው የለም፣ ቢኖርም አላዝልሽም። ያላወቅነውን በሽታ በጠንካራ መድኃኒት መምታት ጉዳት አለው፣ ሲፕሮ ጅማት ሊጎዳ ይችላል፣ በየጊዜው ሲወሰድ ጀርሙ ይለምደዋል፣ የምር ታይፎይድ የያዘሽ ቀን አልሠራ ሊልሽ ይችላል። ከሁሉ የምፈራው ደሞ ሌላ ነገር መሸፈኑን ነው። የሲፕሮ ዝርያ መድኃኒቶች ቲቢን ለጊዜው ዝም ያሰኙታል፣ ሰውየው ትንሽ ተሽሎት ይሄዳል፣ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል፣ ምርመራውም ይዘገያል። በዓመት ሦስቴ የሚያተኩሰው ሰው ሦስት ተራ ቫይረስ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ግን ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የሽንት ቧንቧ፣ ሳይነስ፣ ያልተፈላ ወተት የምትጠጪ ከሆነ ብሩሴላ መታየት አለባቸው፣ ሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ደሞ በዚሁ ሳምንት።

ስለዚ የምመክርሽ ይሄን ነው። አሁን ሳያምሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሂጂ፣ ያለፉትን ትኩሳቶች ቀን፣ ስንት ቀን እንደቆዩ፣ የወሰድሻቸውን አንቲባዮቲኮች ስም ጽፈሽ ያዢ። ቴርሞሜትር ግዢ፣ «አተኮሰኝ» እና 38.5 አንድ አይደሉም። በሚቀጥለው ትኩሳት ዊዳል አታሠሪ፣ ወባ ያለበት ቦታ ከከረምሽ መጀመሪያ ወባ ታዪ፣ ሐኪሙ ታይፎይድ ከጠረጠረ አንቲባዮቲክ ሳትጀምሪ የደም ካልቸር እንዲወሰድልሽ ጠይቂ። ካልቸርም ፍጹም አይደለም፣ ብዙ ቀን ይወስዳል፣ ውድ ነው፣ በየክሊኒኩ አይገኝም፣ ከእውነተኛ ታይፎይዶች ውስጥም ብዙውን ሊስት ይችላል፣ ግን ሲይዝ ራሱን ጀርሙን ይዞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ጭምር ይነግርሻል። በጣም ከታመምሽ ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ ሊያስጀምርሽ ይችላል፣ ትክክል ነው፣ ሳይረጋገጥ ማከም እና ታክሜ ዳንኩ ስለዚ ተረጋገጠ ማለት ለየቅል ናቸው።

ይሄን አንብበሽ የጀመርሽውን መድኃኒት መሃል ላይ እንዳታቋርጪ፣ ያዘዘልሽን ሰው አነጋግሪ። ትኩሳት ሁሉ ቫይረስ ነው ብለሽም ቤት እንዳትተኚ፣ የምር ታይፎይድ ካልታከመ አንጀት ይበሳል፣ ይገድላል። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ማያቋርጥ ትውከት፣ ሰገራ ላይ ደም፣ የአንገት መገተር፣ መቀባዠር ወይ የትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ወይ እርጉዝ ከሆንሽ፣ ሎጂኩን ተዪውና ሆስፒታል ሂጂ።

አሁንም ካላመንሽኝ ወንድምሽን ሙሉ ጤነኛ በሆነበት ቀን ይዘሽው ሄደሽ ሁለታችሁም ዊዳል አሠሩ። ፖዘቲቭ ከወጣችሁ ሲፕሮውን ሳትገዙ ውጡ።